መስታወቱ ሳይወጣ ቀለም የለም

ቀለም ቀቢው መኪናዋን አንድ ዙር ዞሯት አየና «መስታወቱን ማውጣት ምን ያደርጋል? በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍነን እንረጨዋለን» አለኝ። የብዙዎቹ መልስ ይሄው ነው። አልፈርድባቸውም። ሥራው ይፈጥናል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ መስታወቱ ቢሰነጠቅ ማን ይከፍላል የሚል ጭቅጭቅም የለም። እኔ ግን እንቢ አልኩ።

መኪናዋ የአጎቴ የነበረች ቮልስ ናት። የ1972 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ የፊት መስታወቷ ዝርግ የሆነው ዓይነት። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን አሮጌ በደንብ መያዝ ይሻላል ብዬ ነው ወደዚህ ሥራ የገባሁት። እውነቱን ለመናገር ክልከላው ባይኖርም አልሸጣትም ነበር።

በመስታወቱ ዙሪያ የምታብረቀርቀው ቀጭን ጌጥ አልሙኒየም ናት። ከሰውነቱ ጋር በብሎን አልታሰረችም፤ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ላስቲክ፣ ማለት ጎሚኒው ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ተሰክታ ነው የምትቀመጠው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ እንዳለ እሷን ብቻ በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣለሁ ያለ ሰው አጥፏት ነው የሚያርፈው፣ አልሙኒየም ደግሞ አንዴ እጥፋት ከያዘ ቢቀጠቅጡትም ምልክቱ አይጠፋም። ጎሚኒው አርጅቶ እንደ ድንጋይ ከደረቀማ ጭራሽ አትሞክሩት። የኔው እንደዚያ ስለነበር አላዘንኩለትም። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ፈታን፣ የጎሚኒውን የውጭ ከንፈር ዙሪያውን በምላጭ ቆረጥነው፣ አንዱ ከውስጥ በመዳፉ ቀስ ብሎ ሲገፋ ሌላው ከውጭ ተቀበለ። ጌጧ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ትግል ወጣች። ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙባቸው ትንንሽ ማያያዣዎች ግን ወዲያው ይጠፋሉ፣ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጣሳ ውስጥ ነው የሚቀመጡት።

ከጎሚኒው ሥር ያየነው ነገር ክርክሩን ጨረሰው። መኪናዋ ከላይ ሰማያዊ ናት፣ ከሰማያዊው ሥር ነጭ አለ፣ ከነጩ ሥር የፋብሪካው ክሬም። ሰማያዊውም ነጩም ጎሚኒው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ በቢላ የተቆረጡ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ ክሬሙ ብቻ ነው፣ እሱም ካለ። ማለት ከዚህ በፊት የቀቧት ሁሉ በጋዜጣ ሸፍነው ነው የረጩት። ታች በሁለቱ ማዕዘኖች በኩል ደግሞ ክሬሙም የለም፤ ዝገት ነው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው ብረቱ ፍርክስክስ ይላል። ውኃው ከላይ እየወረደ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ክረምት ክረምት እግሬ ሥር የሚረጥበው፣ ፊውዞቹም የሚያስቸግሩት በምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ቀለም ቀቢው ጎንበስ ብሎ አየና «አንተ፣ ይሄማ በቀለም አይሸፈንም» አለ። እኔስ ምን አልኩ!

እዚህ ጋ ስቱኮ እንዳይነካ ለመንኩ። ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ለአንድ በጋ ያምራል፣ ክረምቱ ሲወጣ አብጦ ይነሳል። የበሰበሰው ተቆርጦ ቆርቆሮ ተበየደበት፣ የቀረው እስከ ብረቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ተቀባ። ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙ ጎሚኒው በሚቀመጥበት የብረት ጠርዝ ላይ ሁሉ የሚረጨው። እዚያ ላይ ግን ስስ ይሁን፤ ከወፈረ ጎሚኒው አይገባም። በደንብ ሳይደርቅ ከተገጠመም ይጣበቅበታል።

አዲስ ጎሚኒ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትመረት ስለነበር ዕቃዋ ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የጌጥ ቦይ የሌለውን ነበር። ሁለት ዓይነት ነው፣ ቦይ ያለውና የሌለው። ቦይ የሌለውን ከገዛችሁ ጌጧን ግድግዳ ላይ ስቀሏት፣ ሌላ ቦታ የላትም። 1303 የሚባለው የቮልስ ዓይነት ጎሚኒም አይሆንም፣ የሱ የፊት መስታወት ጎባጣ ነው።

መልሶ መግጠሙ ከማውጣቱ ይልቅ ደስ ይላል። ጎሚኒው መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለበሳል፣ ጌጧ ያኔውኑ እዚያው መሬት ላይ ትሰካለች፤ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ልስካት ቢሉ አበሳ ነው። ከዚያ ጠንካራ ሲባጎ በጎሚኒው ሌላኛው ቦይ፣ የመኪናው ብረት ጠርዝ በሚገባበት፣ ዙሪያውን ይጠመጠምና ጫፎቹ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባሉ። ጠርዙ የሳሙና ውኃ ይቀባል። ከውስጥ ያለው ሲባጎውን እየሳበ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከውጭ ያለው በመዳፉ ይጫናል። በቡጢ አይደለም! እኛ ጋ አንድ ወጣት ረዳት ሊደልቀው ሲነሳ ሁላችንም ጮህንበት።

ቀለም ቀቢው አሁን የኋላውንና የጎኖቹንም እናውጣ የሚለው እሱ ራሱ ሆኗል። ዋጋ ጨምሮብኛል፣ ይጨምር። የጎኖቹ ጎሚኒ ተገዝቷል፣ የኋላው ቦይ ያለው እስኪገኝ ግን የኋላውን አላስነካም ብዬዋለሁ።