ዘንጉን የተውኩበት 14ኛው እስክሪብቶ

ትናንት ማታ 14ኛ የእንጨት እስክሪብቶዬን ሠርቼ ጨረስኩ። እንጨቱና የጫፉ ብረት የሚገናኙበት ላይ ጥፍሬን ዙሪያውን አሄድኩት። የትም አልያዘኝም! ለእናንተ ቀላል ይሆናል፤ እኔ ግን ለዚህች ስድስት ወር ለፍቻለሁ።

አጀማመሬን አላንዛዛውም። እንጨት መቁረጥ፣ በ7 ሚሊ መብሳት፣ የነሐስ ቱቦውን በኮላ መለጠፍ፣ ጫፉን ቀጥ አድርጎ መከርከም። ይሄ በሁለት ቅዳሜ ይለመዳል። ያሰቃየኝ ቁራጩን ቶርኖው ላይ (እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጸው ማሽን) ማሰሩ ነው።

እንደ ብዙ ጀማሪ በዘንግ፣ ማለትም በቱቦዎቹ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ብረት፣ ጀመርኩ። የላይና የታቹን ቁራጮች ከነቡሾቻቸው (ዳርና ዳር የሚገቡ፣ የእንጨቱን ውፍረት ልክ የሚያሳዩ የብረት ቀለበቶች) እንደ ጨሌ ትሰኳቸዋላችሁ፣ ዳዶ ታጠብቃላችሁ፣ ከኋላ የሚሽከረከረውን የማሽኑን ሾጣጣ ጫፍ ታስጠጋላችሁ። ምቹ ነው። ግን የኔ እስክሪብቶ ሁሉ እንጨቱ በአንድ በኩል ከብረቱ ከፍ ይላል፣ በሌላው ይጎድላል። መጀመሪያ መሮዬን ጠረጠርኩ፤ ሳልኩት፣ ደግሜ ሳልኩት። ቀጥሎ ቡሾቹን ከሰስኩ። በመጨረሻ ማሽኑን በዝግታ አስነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው ዘንጉ መሃሉ ላይ ልጆች እንደሚዘሉበት ገመድ ይወዛወዛል። ጥፋተኛው እጄ ነው። እንጨቱ እንዳይንሸራተት ብዬ ዳዶውን በመፍቻ አንቄዋለሁ፤ ከኋላም ጫፉን ገፍቼበታለሁ። ከ6 ሚሊ ብዙም የማይበልጥ ዘንግ ከሁለት በኩል ሲጨመቅ ከመጉበጥ ሌላ ምን ያድርግ?

ዳዶውን በጣት ብቻ ሳጠብቅ ግማሹ ችግር ጠፋ። ግማሹ አልሄድ አለ። ስለዚህ ዘንጉን ትቼ ሁለት ባለ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ጫፎች ገዛሁ። አንዱ ሞተሩ በኩል ይሰካል፣ ኩሽኔታ ያለው ከኋላ። አንድ ቁራጭ ብቻ፣ በሁለት ቡሽ መሃል፣ በቀጥታ ይያዛል። በመሃል የሚጎብጥ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ዘንግ ለሚያሞግስ ሰው ጆሮ የለኝም። ስትገዙ ግን 60 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። ከእንጨት ቶርኖ ጋር የሚመጣው ጫፍ ብዙ ጊዜ ሌላ ማዕዘን ነው፤ ቡሹ ላይ በደንብ አይቀመጥም።

በዚህ ኮርቼ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። «ቡሽ ምን ያደርጋል?» ብዬ ቱቦውን እንዲሁ ጫፎቹ መሃል አስገብቼ ገፋሁት። የቱቦው አፍ እንደ ጥሩምባ ተከፈተ። የክሊፑ ብረት ሲገባ ልቅ ሆነ፣ ያ እስክሪብቶ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ራሱን ይፈታል። ያለ ቡሽ የሚሠሩ አሉ፤ ግን መጨረሻ ላይ ለማለስለስ ብቻ፣ እጃቸውን አቅልለው።

ደግሞ ቡሾቼ በብርጭቆ ወረቀት አብረው ሲፋቁ ከርመው ቀጥነዋል። አሁን ልኩን የምወስደው ከብረቱ ከራሱ፣ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ነው።

የላይና የታቹ ቁራጭ ቅርጻቸው እንዲገጥም ስፈልግ ግን ያንኑ ዘንግ ከመሳቢያ አወጣዋለሁ። ዳዶውን በጣት ብቻ።