ውስጧ የተራቆተች መኪና

ደንበኛው መኪናዋን ሲያመጣት ከሾፌሩ ወንበር በቀር ውስጧ ባዶ ነበር። ሞኬት የለ፣ የኋላ ወንበር የለ፣ የበር ልባስ የለ፣ የጣሪያው ጨርቅ እንኳ የለ። ወንበሮቹን በሌላ መኪና አስጭኖ አስከትሏል። የቀረው ቡሎኑም፣ ክሊፑም፣ ፕላስቲኩም አንድ ላይ ካርቶን ውስጥ ታጭቋል። ሰውየው ውስጧን አድሳለሁ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ዓመታዊ ምርመራው ደረሰበት። "ለምርመራው ብቻ አድርሱልኝ፤ ሌላውን እኔ ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ" አለን።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው መሸፈን ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሐሳብ ወዲያው መጣለት። "ሞኬቷን እናንጥፍባትና ወንበሮቹን በሁለት በሁለት ቡሎን እናስይዛቸው። ከምርመራ ስትመለስ ይፈታዋል።"

አለቃችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ካርቶኑን እያገላበጡ ነበር። ቀና ብለው አዩት። "የተገለጠልህን ነገር መልሰህ ልትከድነው ነው? ወለሏን ሳታይ አንዲት ቡሎን እንዳታስር!"

እውነታቸውን ነው። ሌላ ጊዜ ወለል ለማየት ወንበር መፍታት፣ ኮንሶል ማውለቅ፣ ሞኬት መግፈፍ አለ። ለዚያ የሚከፍል ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ይቺ ግን ራሷ ተገልጣ መጥታለች።

ልጁ የሽቦ ብሩሽና ትንሽ መዶሻ ይዞ ገባ። ከፊት ጀምሮ እያንኳኳ ወደ ኋላ መጣ። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ የቀበቶው የታችኛው ቡሎን የሚታሰርበት ጥግ ላይ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ። ለዓይን ቀለሙ ትንሽ ከማበጡ በቀር ምንም የለውም። በካቻቢቴ ጫን ሲለው ጫፉ ጥልቅ አለ። ከሥሩ ስቱኮ ነው። አንድ ሰው ድሮ ዝገቱን ቆርጦ በማውጣት ፈንታ በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ሸኝቷታል። ልጁ ካቻቢቴውን እንደሰካ ዝም ብሎ ጋሼን አያቸው።

በግጭት ጊዜ የሰውየው ክብደት በቀበቶው አልፎ የሚያርፈው እዚያ ላሜራ ላይ ነው። መርማሪዎች በማሰሪያው ዙሪያ ላለ ዝገት ምሕረት የሌላቸው ለዚህ ነው። የእንግሊዝ የምርመራ መመሪያ ለምሳሌ ከማሰሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን አካል በተለይ ያያል። ልጁ እንዳለው ሞኬት ቢነጠፍባት ምናልባት ታልፍ ነበር። መርማሪ ሞኬት አይገፍም፤ የሚያየው የሚታየውን ነው።

ጋሼ ዝገቱን በማግኘት ብቻ አልረኩም። "ውሃው ከየት መጣ?" አሉ። ይህን ጥያቄ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። የፊት መስታወቱ ዙሪያ ደህና ነው። ወደ በሩ ሄዱ። በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ያለ ነው፤ በመስታወቱ ጎን ይወርድና በበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይፈሳል። ወደ መኪናዋ ውስጥ እንዳይመጣ የሚከለክለው ከልባሱ ጀርባ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ነው። በሾፌሩ በር ላይ ግማሹ ተቀዷል፤ በተቀደደው በኩል የስፒከር ሽቦ አልፏል። ስፒከር የገጠመው ሰው ቀዶት ሳይመልሰው ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ከሞኬቱ ሥር ያለው ስፖንጅ ይጠጣዋል። ከላይ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ከሥር ግን ላሜራውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ብዙ ባለሙያ ያንን ፕላስቲክ የዕቃ መጠቅለያ ይመስል ቀዶ ይጥለዋል። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የበሰበሰው እስከ ጤነኛው ላሜራ ድረስ ተቆረጠና በአዲስ ተበየደ። የቀበቶው ቡሎን የሚገባበትም እንደነበረው ተጠናከረ። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ተፈታ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ሽቦ ተነሣ። የኋላ ወንበር ስለሌለ የነዳጅ ፓምፑ ክዳን ተገልጦ ነበርና ብልጭታ እንዳይደርሰው ተከለለ። ከዚያ እኔ ከሥር ገብቼ የእጅ ባትሪ ሳበራ፣ ልጁ ከላይ ሆኖ ብርሃን ያየበትን ሁሉ በጠመኔ አከበበ። የወለሉ የጎማ ክዳኖች ብዙዎቹ ወድቀዋል። በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚገባው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ማርሚታው የሚያፈስ ከሆነ ጭሱም ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም።

ቀጥሎ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። የተሳፋሪው ወንበር ወልቆ ሳለ ሰውየው ቁልፍ ከፍቶ ነበር። ከወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት ባዶውን ሲሆን ኮምፒውተሩ ብልሽት ብሎ ይመዘግበዋል። ልጁ አሁንም መላ አላጣም። "2 ኦም አካባቢ የሆነች ሬዚስታንስ ብንሰካበት ኮምፒውተሩ ኤርባጉ የተሰካ ይመስለውና መብራቱ ይጠፋል እኮ፣ ጋሼ።"

"መብራቱማ ይጠፋል። ኤርባጉስ?" አሉት።

ወንበሩ በቦታው ገባ። የባትሪው ገመድ ተፈትቶ ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ ሶኬቱ ተሰካ፤ ባትሪው ተመልሶ ታሰረና ብልሽቱ በስካነር ተሰረዘ። አምፖሉን ነቅሎ መሄድም አያዋጣም። መርማሪ የሚጠብቀው ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከዚያ ሲጠፋ ነው፤ ጭራሽ ካልበራ ያው ወደቀች።

የፊት መብራት ማስተካከሉን ሆን ብለን ለመጨረሻ አቆየነው። ከኋላ ወንበር ሲወጣ ኋላዋ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። ባዶዋን ተስተካክላ ወንበር ሲገባባት መብራቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። የመብራቱ ዝቅታ 1 በመቶ ሲባል በ10 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ መነሣት ለውጡ ብዙ ነው።

ደንበኛው ሊወስዳት ሲመጣ የኋላ ወንበሩን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሳይገጠም ቢቀር ይመርጥ ነበር፤ ዕቃ መጫኛ ሊያደርጋት አስቧል። ጋሼ ሊብሬውን ገልጠው አሳዩት። 5 ሰው ይላል። "መጀመሪያ ወረቀቱን አስቀይር፤ ከዚያ እኔው ራሴ አወልቅልሃለሁ" አሉት። ተስማማ። የበሮቹን ፕላስቲክ በአዲስ ቆርጠን ለጥፈን ልባሱን ገጠምን፤ እጀታዎቹም ከውስጥ በደንብ ይከፍታሉ። የጣሪያውን ጨርቅ ተውነው፤ ሹል ጠርዝና የተንጠለጠለ ሽቦ እስከሌለ ድረስ ውበት የምርመራ ጉዳይ አይደለም። ሞኬቱንም ጋሼ አላስነጠፉም። ስፖንጁ ገና እርጥብ ነበር፤ መርማሪውም ብየዳውን በዓይኑ ይየው አሉ።

አየው። ወንበሮቹን በእጁ ነቀነቀ፣ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ስቦ ለቀቀ፣ አዲሱን ላሜራ በጣቱ አንኳኳና ፈረመ። ሰውየው ስፖንጁ እስኪደርቅ በባዶ ላሜራ ነው የሚነዳት። ጩኸቷ አደነቆረኝ እያለ በስልክ ያማርራል።