ጣናን ሁለት ጊዜ የወረደው ወንድሜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ልመሰክር ተስዬ ስለነበር ነው የምጽፈው። ዛሬም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሩ ቢዘበራረቅብኝ ይቅር በሉኝ።

ወንድሜን እኛ ቤት በስሙ የሚጠራው የለም፣ ማሙሽ ነው። 27 ዓመቱ ነው፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እታለም ይለኛል፤ ሲጨንቀው ብቻ እማ ይላል። ባለፈው መስከረም መሥሪያ ቤቱ ጎበዝ ለተባሉት ሠራተኞች የእረፍት ጉዞ ሰጣቸውና ከአንድ አበሻ ጓደኛው ጋር ማልዲቭስ ሄደ። ሕንድ ውቅያኖስ መሀል፣ ደሴቲቱ በሙሉ አንድ ሪዞርት፤ መኝታው፣ ምግቡ፣ ጀልባው፣ ባሕር ውስጥ መጥለቁ ሳይቀር በአንድ ክፍያ ያለቀ። የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅን ፉጃይራ ድረስ እየሄደ ተምሮ የምስክር ወረቀት ነበረው።

በሁለተኛው ቀን ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ትልቅ ኤሊ ቀስ እያለ በአጠገቡ ያልፋል። ከሥሩ «እታለም፣ ዛሬ ጣናን ሁለት ጊዜ ወረድኩት» ብሎ ጽፏል። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ግድም ነው፣ እሱ 28 ሜትር ወርዶ ነበር። አልመለስኩለትም።

ውሃ አልወድም ነበር። ለምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ምስክርነቱ ሙሉ አይሆንም። አባታችን ከ21 ዓመት በፊት የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ለማንገሥ ዘጌ፣ ኡራ ሄደ። ጣና ጠዋት ዘይት ይመስላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ሌላ ነው። ሰው ያለ ልክ የጫነችው ጀልባ ስትመለስ ተገለበጠች። እኔ 15፣ ማሙሽ 6 ዓመታችን ነበር። እናታችንም ከእሱ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየች። እኔ የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳ አውርጄ በአባቴ ጋቢ ጠቀለልኩና ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በበዓልሽ ቀን! ካንቺ ቤት ሲመለስ! ይህን ነበር የምላት። ጊዮርጊስ ሄጄ ደጁን እስም ነበር፣ ጾሙንም አልሻርኩም። ልቤ ግን ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፎ ኖረ። ጣና ዳር ተወልጄ 21 ዓመት እግሬን ውሃው ውስጥ አልነከርኩም።

ኤሊውን በላከልኝ ማግስት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሊጥ እያቦካሁ ስልኬ ጠራ። በሊጥ እጄ አነሣሁት። ጓደኛው ነው።

«እህቴ፣ አትደንግጪ» አለኝ። ይህን ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ጠልቀው ሳለ ከውሃው ውስጥ ያለ ጅረት ማሙሽን ወደ ታች ጎተተው። ደነገጠና የጠላቂዎቹን በአየር የሚነፋ ሰደርያ አየር ሞልቶ እንደ ቡሽ ወደ ላይ ተወረወረ። ሰው ከዚያ ሲወጣ ቀስ እያለ ነው፣ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም ሦስት ደቂቃ ቆሞ ነው። እሱ አልቆመም። ትከሻዬን አመመኝ አለ፣ የሲሊንደሩ ክብደት ነው ብሎ ዝም አለ፣ እራቱን በላ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው፤ ሽንቱም ተያዘ። ኦክስጅን አድርገውለታል። የባሕር አውሮፕላኑ በሌሊት አይበርም፣ ቢበርም ከፍታው ያብስበታል አሉ። ለዚህ በሽታ የሚሆነው የግፊት ክፍል ወዳለበት ደሴት በፈጣን ጀልባ ሊወስዱት ነው፤ ሁለት ሰዓት መንገድ፣ መሀል ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገለት። «እማ» አለኝ። «እማ፣ እግሬ የለም።»

ተቋረጠ።

የጎረቤቴ ልጅ ነርስ ናት። ጩኸቴን ሰምታ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች። እግዚአብሔር ያክብርሽ እህቴ፣ ያን ሌሊት ያላበድኩት ባንቺ ነው። የአምቦ ውሃ ክዳኑ ድንገት ሲከፈት እንዴት እንደሚፈላ አስታወሰችኝ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የምንተነፍሰው ናይትሮጅን በግፊት ደም ውስጥ ይሟሟል፣ ሰው በፍጥነት ከወጣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው አከርካሪ ውስጥ ከገባ እግር ይይዛል አለችኝ። «ቶሎ ከደረሰ ይድናል?» አልኳት። ዝም ብላ እጄን ያዘችው። መብራት ጠፋ። ስልኬ 11 ፐርሰንት ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ፓወር ባንክ አምጥቶ ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ፣ ግባ ቢሉት አልገባም።

ጧፍ ፈለግኩ። ጧፉ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ጋቢውን ፈታሁት። ሥዕሏን ጥግ ጥጉን ብል በልቶታል፣ ፊቷ ግን እንዳለ ነው። እስኪ አሁን ጸለይኩ ልበላችሁ? አልጸለይኩም። ተጣላኋት። «አንድ ውሃ አልበቃሽም ወይ? አባቴ አልበቃም?» አልኩ። ልጇንም ተናገርኩ፤ «አንተ በባሕር ላይ የሄድክ፣ ጴጥሮስን በእጅህ የያዝክ፣ አባቴን ያልያዝከው እጅህ አጥሮ ነው?» አልኩት። ነርሷ ደንግጣ አማተበች። ይህን ልደብቀው ነበር፤ የንስሐ አባቴ «እንደተናገርሽው ጻፊው» ስላሉኝ ነው።

ከዚያ ዝም አልኩ። የቀረኝ ቃል አልነበረም። ከውጭ የመስከረም እንቁራሪት ብቻ ይጮኻል፣ ሐይቁ ሞልቶ አጥሩ ድረስ የመጣ ይመስላል። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ዳዊቱ አፌ ላይ መጣ፣ «ማዕበልህና ሞገድህ ሁሉ በላዬ አለፈ»። እናቴ ነበረች የምትደግመው። ቀጥሎ ዮናስ። ዮናስ የጸለየው ከወደብ ሆኖ አይደለም እኮ፤ የባሕሩ ሣር ራሱ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ ነው። ማሙሽም አሁን ጨለማ ባሕር ላይ ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወስዶ ትከሻው ላይ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን በላዔ ሰብእን አሳይቶኛል። ያን ሁሉ ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለጠየቀው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ስለሰጠ ብቻ ሚዛኑ አጋደለለት። አባቴ «አየሽ ልጄ፣ ጥርኝ ውሃ» ብሎ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አሳየኝ። መዳፉን አየሁት። እውነቴን ነው፣ ያን ሌሊት አየሁት።

«ውሃ ወስዶብኛል ስል ኖርኩ፣ በጥርኝ ውሃ የምታስምሪ አንቺ ነሽ። ማሙሽን አውጪልኝ። በእግሩ ይዤው ደጅሽ እመጣለሁ፣ ጥላ አገባለሁ፣ ያደረግሽልኝንም እመሰክራለሁ» አልኩ። ከዚያ በእንተ እግዝእትነ ማርያም መሐረነ ክርስቶስ እያልኩ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ሊጡ ጣቴ ላይ ደርቆ ነበር፤ በቆጠርኩ ቁጥር እየተፈረፈረ ጭኔ ላይ ይወድቃል። ስንት አርባ አንድ እንደሆነ አላውቅም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መልእክት ገባ፤ «ገብቷል»። 18 ሜትር ጥልቀት ያህል ግፊት ውስጥ አድርገው፣ ንጹሕ ኦክስጅን እያስተነፈሱ፣ አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቀስ አድርገው ያወጡታል። ወንድሜ ዳግመኛ ወረደ ማለት ነው፤ አሁን ግን የሚያወጣው አለው። ጀልባውን በዚያ ሞገድ የነዳው ካፒቴን ሙስሊም ነው፣ መንገዱን ሁሉ ዱዓ ሲያደርግ ነበር አለኝ ጓደኛው። ስሙን አላውቀውም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ልጆቹን ያሳድግለት።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ከጊዮርጊስ ደወል ሲሰማ፣ ስልኩ ጠራ። ጓደኛው እያለቀሰ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተው፣ እኔም ተዝለፈለፍኩ። «የቀኝ እግሩን አውራ ጣት አንቀሳቀሰ» አለኝ። ረፋድ ላይ ደግሞ ደወለና ሽንቱን ሸና አለኝ። እልል አልኩ! ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፣ ምን ተገኘ ሲሉኝ ወንድሜ ሸና አልኳቸው፣ አብረውኝ እልል አሉ።

በየቀኑ እንደገና እያስገቡት ሰነበተ፤ መብረር ለሳምንታት ተከለከለ፤ ከዚያ ክራንች፣ ከዚያ ከዘራ፣ አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

የካቲት 16 ጠዋት ከባሕር ዳር ወደብ ጀልባ ገባን፣ ሁለታችንም ላይፍ ጃኬት ለብሰን። ማሙሽ ጥላውን ታቅፏል። ውሃው ዘይት ነው። ዘጌ ስንደርስ ጫማዬን አወለቅኩና ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገባሁ፣ በመዳፌ ቀድቼ ፊቴን ታጠብኩ። አባቴ ያለበት ውሃ ነው። አለቀስኩ፣ ግን ያ የድሮው ለቅሶ አልነበረም።

በቡናው ዛፍ መሀል ወደ ኡራ የሚያወጣውን ድንጋያማ መንገድ ከሩቅ የከበሮ ድምፅ እየሰማን ጀመርነው። እኔ ቸኮልኩ፤ ስእለቴን ለማድረስ ልቤ ሊወጣ ነው። ማሙሽ ከኋላዬ ነጠላዬን ያዝ አደረገ። ግራ እግሩ አሁንም ትንሽ ይጎተታል።

«እታለም፣ ቀስ ብለን እንውጣ» አለኝ።

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ትንሽ አረፍን። ከዚያ ተነሥተን ወጣን።