ኦዞንን የሚበሉት ጋዞች ከላይ እንዴት ይለካሉ

ስለ ኦዞን፣ ማለትም ከላይ ሆኖ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ስለሚከላከልልን ጋዝ፣ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ቀዳዳው ነው፣ ዘንድሮ ሰፋ ጠበበ ምናምን። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኦዞኑን የሚበሉት ጋዞች ራሳቸው ምን ያህል ቀሩ የሚለው ነው። የቀዳዳው መጥበብ ብቻውን ብዙ አይነግረንም እኮ፣ 2019 ላይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቀዳዳው በጣም ያነሰው ከአንታርክቲካ በላይ ያለው አየር በድንገት ስለሞቀ እንጂ ጋዙ ስላለቀ አልነበረም።

ጋዞቹን ከሚለኩት ውስጥ በጣም የምወዳት ሳይሳት የምትባል የካናዳ ሳተላይት ናት። በ2003 ለሁለት ዓመት ስራ ተብላ ተላከች፣ ከ20 ዓመት በላይ ሰራች። 650 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ምድርን ስትዞር በቀን 15 ጊዜ ያህል ፀሐይ ትወጣላታለች፣ 15 ጊዜ ያህል ደግሞ ትጠልቅባታለች፣ ዋናው መሳሪያዋም የሚለካው በነዛ አጭር ደቂቃዎች ነው። ያኔ የፀሐይዋ ብርሃን ከባቢ አየሩን በጎን ሰንጥቆ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው፣ መንገድ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጋዝ ከኢንፍራሬዱ (ዓይን ከማያየው የፀሐይ ብርሃን) ውስጥ የራሱን ሞገድ ይውጣል፣ የጎደለው ሞገድ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ሲኤፍሲ-11 ይሁን ሲኤፍሲ-12 (ድሮ ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ የነበሩት ክሎሪን ያለባቸው ጋዞች) ወይ ኤሲ ጠጋኞች አር-22 የሚሉት ጋዝ፣ የትኛው በስንት ኪሎ ሜትር ላይ ምን ያህል እንዳለ ከዛ ይሰላል። እና ብዛቱ ይታያችሁ፣ ሲኤፍሲ-11 ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 220 አካባቢ ቢሆን ነው!

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ፀሐይዋ ከአየሩ በላይ ስትሆን፣ በመሀል ምንም ሳይኖር፣ ሳተላይቷ ንጹህ ብርሃኑን ትመዘግብና አየሩን አልፎ የመጣውን ከሱ ጋር ታነጻጽራለች። ስለዚህ መሳሪያው ቢያረጅም የ2004ቱን ልኬት ከ2020ው ጋር ማስተያየት ይቻላል፣ ለኛ ደግሞ የሚያስፈልገን እሱ ነው፣ ምክንያቱም ለውጡ በጣም ቀርፋፋ ነው። ሲኤፍሲ-11 አየር ላይ 50 ዓመት ገደማ ይቆያል፣ ሲኤፍሲ-12 ደግሞ 100። ጋዞቹ ላይ ወጥተው ሲሰባበሩ ክሎሪናቸው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይሆናል፣ እሱ በዓመት ግማሽ ፐርሰንት ገደማ እየቀነሰ መሆኑን ሳተላይቶች አይተዋል። የነዚህን ጋዞች ምርት የሚገድበው የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት እየሰራ ነው ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ከልቤ ደስ ይለኛል።

በ2020 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፣ የአውስትራሊያ የጫካ ቃጠሎ ጭስ ስትራቶስፌር (ኦዞኑ ያለበት የላይኛው አየር) ድረስ ወጥቶ የክሎሪኑን ኬሚስትሪ አዛባው፣ ሃይድሮጅን ክሎራይዱ ወርዶ ሌሎቹ የክሎሪን ውህዶች ወጡ፣ ይሄንን ከያዙት አንዷ ሳይሳት ናት። በርግጥ ሁሉን አታደርግም፣ 2018 ላይ አንድ ቦታ ሲኤፍሲ-11 በድብቅ እየተለቀቀ መሆኑ የታወቀው መሬት ላይ ባሉ ጣቢያዎች ነው፣ ምስራቅ ቻይና መሆኑም በነሱ ነው የተለየው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የሚያስጨንቀኝ እርጅናው ነው። ተመሳሳይ ስራ ይሰራ የነበረው የአውሮፓው ኤንቪሳት በ2012 በድንገት ጸጥ አለ፣ ክሎሪን የሚለካው የናሳው ኦራም የ2004 ነው። የአንታርክቲካ ኦዞን ወደ 1980 ደረጃው የሚመለሰው 2066 አካባቢ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ እስከዛ ልኬቱ መቋረጥ የለበትም። ተተኪው ሳይሳት ገና እየሰራች ቢላክ ነው የምመኘው፣ ሁለቱ ለጥቂት ዓመት አንድን አየር አብረው ካልለኩ አሮጌውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር ማገናኘት በጣም ይከብዳል።