ምች አራት ኪሎ ላይ

ከድሬዳዋ ስንነሳ ገና አልነጋም ነበር፤ አዋሽን በእንቅልፍ አለፍኩት። በደንብ ያነቃኝ መናኸሪያው በር ላይ ያገኘሁት የላዳ ሹፌር ነው። እስከ አራት ኪሎ 900 ብር! «በዚህ ብር ድሬን በባጃጅ ሦስቴ ዞሬ ምሳ እበላለሁ» ብለው፣ «ድሬ ዳገት የላትማ» ብሎ ዝም አሰኘኝ። ከፈልኩ።

ፔንሲዮኑ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። አልጋው መሃሉ ጎድጉዷል፤ ወደየትም ብገላበጥ ተንሸራትቼ እዚያው ነኝ። ብርድ ልብስ እንዲጨምርልኝ ልጁን ብለምነው «ጋሼ፣ አልቋል» አለኝ። ድሬ አንሶላ እንኳ ይከብደናል። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጃኬቴን ለብሼ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ የውሻ ጩኸት ስቆጥር ነጋ። በማግስቱም ሌሊት እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ሳይ ከንፈሬ ላይ ምች ወጥቷል።

አራት ኪሎ ካምፓስ ባዮሎጂ የምትማረው የእህቴ ልጅ ገና ስታየኝ «አጎቴ፣ ጠፈርተኛ መሰልክ!» ብላ ሳቀች። ከግቢው ፊት ለፊት ጀበና ቡና ይዘን ተቀመጥን። የሴሚናር ርዕሷ የመሬት ስበት ለውጥና የመከላከያ ሴሎች ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት ማይክሮስኮፕ ላይ ነጭ የደም ሴል ስቆጥር ነው፤ ወሬው ጣመኝ።

ምች የሚያወጣው ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ይኖራል፤ ጠባቂዎቹ ነጭ የደም ሴሎች፣ ቲ ሴሎች፣ ሲዝሉ ብቅ ይላል። በአጭር የሹትል (የጠፈር መንኮራኩር) በረራ ከተመረመሩ 89 ጠፈርተኞች 47ቱ፣ በጠፈር ጣቢያ ከቆዩ 23 ደግሞ 14ቱ በምራቃቸው ወይም በሽንታቸው የሄርፒስ ዘር ቫይረሶች አውጥተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ምልክት አልነበራቸውም። በ1983 እ.ኤ.አ. ስፔስላብ በሚባለው የሹትሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴሎች ያሉበት የነጭ የደም ሴል ወገን) ማነቃቂያ ተሰጥቷቸው፣ ምላሻቸው ምድር ላይ ከቀሩት 3 በመቶ እንኳ አልሞላም።

«ታዲያ እዚህ ከፍታ ላይ ስበቱ ቀንሶብኝ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አጎቴ! 400 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጣቢያ እንኳ የመሬትን ስበት 90 በመቶ ያህል ያገኛል። ክብደት የሚጠፋው ጣቢያውም ሰዎቹም አብረው ስለሚወድቁ ነው። አንተን የጣለህ ብርዱና እንቅልፍ ማጣቱ ነው።»

ያስገረመኝ ጀርም የሚውጠው የመከላከያ ሴል፣ የማክሮፋጁ ነገር ነው። ጀርም ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ ከኦክስጅን የሚሠራው መርዝ ነው። ክብደት ሲጠፋ መርዙ ያንሳል፤ ስበቱ 1.8 እጥፍ ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። ከልክ ካለፈና የሚያረግበው ካጣ እሳቱ ከምድጃው ወጥቶ ቤቱን ይፈጃል፤ የራስን ሴል ሽፋንና ዲኤንኤ ይጎዳል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት ይኼው ነው። ጣቢያው ላይ ግን የአይጥ ማክሮፋጆች በ42 ሴኮንድ ውስጥ ተላመዱ። አርባ ሁለት ሴኮንድ! እኔን ሁለት ሌሊት አልበቃኝም።

ቡና የምታፈላው እናት ስታዳምጥ ቆይታ ተነስታ ሄደች፤ ዳማከሴ ይዛ ተመለሰች። በመዳፏ አሽታ ከንፈሬን ቀባችኝ፣ የተረፈውን ሲኒዬ ውስጥ ጨመቀችው። ቫይረሱ በዚህ እንደማይሸሽ አውቃለሁ፤ ሽታው ግን የእናቴን ጓዳ አስታወሰኝ። ከቡናው ሒሳብ በላይ ብሰጣት አልቀበልም አለች።

«እነዚያንም ምች መታቸው ነው የምትሉት?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ።»

«ፀሐዩ ጋ ድረስ ሄደው!» አለች፣ ወደ ከሰሏ እየተመለሰች።