ስዊፕ እምቢ ሲል መስመሩን እዩ፦ በሶሊድወርክስ ሞላ፣ ቱቦና ክንፍ የሠራሁበት መንገድ

በሶሊድወርክስ፣ በኮምፒውተር የዕቃ ንድፍ በሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ስዊፕ (ቅርጽን በመስመር ላይ ጎትቶ ጠጣር መሥራት) ወይም ሎፍት (ሁለት ቅርጾችን አገናኝቶ ጠጣር መሥራት) ቀይ ምልክት ሲያወጣ እጅ የሚሄደው ወደ ስዊፑ አማራጮች ነው። አንዱን ማብራት፣ ሌላውን ማጥፋት፣ እንደገና መሞከር ይጀመራል። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ስዊፑ በሚከተለው ኩርባ ላይ ነው። ስለዚህ ሶሊድወርክስ ላይ የማጣቀሻ ኩርባ ስሠራ ጠጣሩን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ፤ የኩርባውን ጠቅላላ ቁመት ወይም ርዝመት፣ ከዚያም በጣም የታጠፈበት ቦታ ራዲየሱ ስንት እንደሆነ። ከታች ያሉት ሦስት ሥራዎች ሁለቱም ነገሮች ለምን እንደሚያስፈልጉ ያሳያሉ።

መጀመሪያ ሞላው። የሽቦው ውፍረት 3 ሚሜ፣ የውጭ ዲያሜትሩ 27 ሚሜ፣ ሳይጫን ቁመቱ 60 ሚሜ፣ ጠቅላላ ዙሩ 8 ነው። ከላይም ከታችም አንዳንድ ዙር ተጠግቶ የተዘጋ ነው፤ ጫፎቹም እንዲቀመጡ ተሞርደው ተደልድለዋል።

ስኬቹ (መነሻው የመስመር ንድፍ) ላይ ያለችው ክብ 24 ሚሜ ነች እንጂ 27 አይደለችም። ሄሊክስ፣ ማለትም ጠመዝማዛው መስመር፣ የሚከተለው የሽቦውን መሀል ነውና ከውጭው ዲያሜትር የሽቦው ውፍረት አንዴ ይቀነሳል። ክቧን 27 ያደረገ ሰው 30 ሚሜ ሞላ ያገኛል፤ ስህተቱንም የሚያውቀው ሞላው መቀመጫው ውስጥ አልገባ ሲል ነው። ክቧን ከሳልኩ በኋላ ኢንሰርት ውስጥ ከርቭ፣ ከዚያ ሄሊክስ የሚለውን መርጬ፣ ፒቹ (በአንድ ዙር የሚወጣው ከፍታ) የሚለዋወጠውን ዓይነት አደረግሁት። ሠንጠረዡን እንዲህ ሞላሁት፦ 0 ዙር ላይ ፒች 3፣ 1 ዙር ላይ 3፣ 1.5 ላይ 9፣ 6.5 ላይ 9፣ 7 ላይ 3፣ 8 ላይ 3። 9 የመጣው ከተለመደው ስሌት ነው፤ ከ60 ላይ የሁለቱን የተዘጉ ዙሮች 6 ሚሜ ቀንሶ ቀሪውን 54 ለ6 ሠሪ (ያልተዘጉ) ዙሮች ማካፈል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተበላሸ።

የመጀመሪያው፣ ስዊፑ አልሠራም። ፒቹ ልክ 3፣ ሽቦውም ልክ 3 ስለሆነ የመጀመሪያው ዙር ቀጣዩን በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ይነካዋል። በፋብሪካ የሚጠቀለል ሞላ እንዲህ ቢነካካ ምንም አይደለም። ጠጣር ሞዴል ግን ውፍረት በሌለው መስመር ራሱን የሚነካ አካል አይቀበልም። የተዘጋውን ፒች 3.1 አደረግሁት፤ በዙሮቹ መካከል 0.1 ሚሜ ክፍተት ቀረ፤ ስዊፑም ሠራ።

ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ምንም የስህተት መልእክት የለውም። የሄሊክሱን ቁመት ስለካው 60 ሳይሆን 57.25 ሆነ። ሶፍትዌሩ በሁለት ረድፎች መካከል ፒቹን ቀስ በቀስ ነው የሚቀይረው፤ ከ1 እስከ 1.5 ዙር ያለው ሽግግር 9 ሳይሆን የ3.1 እና የ9 አማካይ ይዞ ይወጣል። ስሌቱን በእጅ ሠራሁት። ሁለቱ የተዘጉ ዙሮች 6.2 ሚሜ ይወስዳሉ። ሁለቱ የግማሽ ዙር ሽግግሮች በድምሩ የ3.1ንና የፒቹን አማካይ ያህል፣ ማለትም 1.55 ሲደመር የፒቹን ግማሽ ይሰጣሉ። መካከለኛው 5 ዙር አምስት እጥፍ ፒች ነው። ስለዚህ 7.75 + 5.5 × ፒች = 60፤ ፒቹ 9.5 ሚሜ ወጣ። ሠንጠረዡ ላይ 9ን በ9.5 ስተካ ቁመቱ 60 ላይ ገጠመ።

ከዚያ የስዊፑን ፕሮፋይል (የሚጎተተውን ቅርጽ) ስኬች ሳልስል ክብ ፕሮፋይል የሚለውን አማራጭ መርጬ 3 ሚሜ ሰጠሁት። ይህ ምርጫ ክቧን ሁልጊዜ ለመስመሩ በ90 ዲግሪ የቆመች ስለሚያደርጋት የሽቦው ቁርጥ ሞላላ አይሆንም። መደልደሉን በኤክስትሩድ ከት (ጠጣሩን በሚቆርጠው ትእዛዝ) ሠራሁት፤ አንዱ ቁርጥ ሄሊክሱ በሚጀምርበት ፕሌን (ጠፍጣፋ ወለል)፣ ሌላው 60 ሚሜ ላይ። ሁለቱም የሽቦውን መሀል ላይ ይቆርጣሉ፤ ጫፉ ከ3 ሚሜ ወደ 1.5 ሚሜ ይሳሳል። በኋላ መጠን የሚቀይር ሰው የሠንጠረዡን የዲያሜትር ዓምድ በየረድፉ ይመልከት፤ ክቧን ብቻ ለውጦ መተው አደገኛ ነው።

ቱቦው ላይ የተማርኩት ከዚህ የተለየ ነው። ሶሊድወርክስ ከፊት የታየ ስኬችና ከላይ የታየ ስኬች አጋጥሞ በቦታ ውስጥ የሚሄድ አንድ ኩርባ ያወጣል፤ ፕሮጀክትድ ከርቭ የሚሉት ነው። ለመያዣና ለጌጥ ቅርጽ በጣም ጥሩ ነው። ሁለቱ ስኬቾች እኩል ርቀት ካልሸፈኑ ኩርባው ሁለቱም ባሉበት ብቻ ይቀራል፤ ጫፉ ተቆርጦ ሲታይ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለሚታጠፍ የብረት ቱቦ ግን አልጠቀምበትም። ፊት ላይ 50 ራዲየስ፣ ከላይም 50 ራዲየስ ተሰጥቶ ሁለቱ መታጠፊያዎች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ በቦታ ውስጥ የሚወጣው መታጠፊያ የክብ ቁራጭ አይደለም፤ ራዲየሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የወርክሾፑ ማጠፊያ መሣሪያ ደግሞ ራዲየሱ አንድ የሆነ ቅርጽ ነው ያለው። ሞዴሉ ያምራል፣ ወርክሾፑ ግን አይሠራውም።

ስለዚህ ለ20 ሚሜ ቱቦ ባለሦስት አቅጣጫ ስኬች ውስጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሳልኩ፤ 200 ሚሜ ወደ ጎን፣ 150 ወደ ላይ፣ 120 ወደ ፊት። በሁለቱ ማዕዘኖች ላይ 50 ሚሜ ፊሌት (ማዕዘኑን የሚያጠጋጋ ቅስት) ሰጠሁ። መስመሮቹ በድምሩ 470 ሚሜ ናቸው፤ እያንዳንዱ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ግን 100 ሚሜ ወስዶ 78.54 ስለሚመልስ የመሀል መስመሩ ርዝመት 427.08 ይሆናል። የሶፍትዌሩ መለኪያ የሰጠው ቁጥር ከዚህ ጋር ከገጠመ መስመሩ ጤነኛ ነው። በሁለቱ መታጠፊያዎች መካከል የቀረውን ቀጥ ያለ ክፍልም አያለሁ፤ እዚህ 50 ሚሜ ነው። ማጠፊያው ቱቦውን የሚይዝበት ቦታ ይኸው ነውና ከማጠፊያው መያዣ ካነሰ ንድፉ መቀየር አለበት። ከቱቦው ራዲየስ፣ ማለትም ከ10 ሚሜ፣ ያነሰ መታጠፊያ ካለ ደግሞ ቱቦው ራሱን ስለሚቆርጥ ስዊፑ እዚያው ይቆማል።

ክንፉ ላይ የሠራሁት ኩርባ ከነጥብ ፋይል የሚነበበው ነው። የመረጥኩት ናካ 0012 የሚባለውን የታወቀ የክንፍ ቁርጥ ነው፤ ሲሜትሪ ያለው፣ ውፍረቱ የኮርዱ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ርዝመት) 12 በመቶ፣ ትልቁ ውፍረት ከፊት ጠርዝ 30 በመቶ ላይ። ኮርዱ 200 ሚሜ ስለሆነ 60 ሚሜ ላይ 24 ሚሜ መለካት አለበት።

ነጥቦቹን በእኩል ርቀት፣ በየ10 ሚሜ፣ ስደረድር ኩርባው የፊት ጠርዙ ላይ አበጠ። ቁጥሩን ማየት ይበቃል፤ በመጀመሪያዎቹ 10 ሚሜ ውስጥ ገጹ ከ0 ወደ 7.1 ሚሜ ይወጣል። የአፍንጫው፣ ማለትም የፊት ጠርዙ፣ ራዲየስ ደግሞ 3.2 ሚሜ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ አንድም ነጥብ ስለሌለ ስፕላይኑ (በነጥቦቹ የሚያልፈው ለስላሳ ኩርባ) መንገዱን በራሱ ይገምታል። መፍትሔው ነጥቦቹን በኮሳይን ማከፋፈል ነው። 180 ዲግሪን ለ30 አካፍዬ፣ በየ6 ዲግሪው ከ1 ላይ ኮሳይኑን ቀንሼ ለ2 አካፈልኩ፤ ውጤቱን በኮርዱ አባዛሁ። ከ0 ቀጥላ ያለችው ነጥብ 0.55 ሚሜ ላይ አረፈች፤ ከፍታዋ 1.8 ሚሜ። ጠርዙ ላይ ነጥቦቹ ተጠጋጉ፣ መሀል ላይ ተራራቁ።

ፋይሉ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው፤ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ። ርዕስ አይጻፍበትም። ቁጥሮቹ በሰነዱ መለኪያ ይነበባሉና በ1 ኮርድ የተዘጋጀ ፋይል ሳያባዙ ካስገቡት 1 ሚሜ ክንፍ ይወጣል፤ ስክሪኑ ላይ ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። ላይኛውንና ታችኛውን ገጽ ሁለት ኩርባ አላደረግኋቸውም፤ አፍንጫው ላይ ሁለቱ ለስላሳ ሆነው ለመገናኘታቸው ዋስትና የለምና። ከኋላ ጠርዝ ጀምሮ በላይ በኩል ወደ አፍንጫ፣ ከዚያ በታች ወደ ኋላ የሚመለስ አንድ ኩርባ ነው፤ 61 ነጥብ። ሁለት ዝርዝር ሲቀጣጠል የአፍንጫዋ ነጥብ ሁለት ጊዜ ትገባለች፤ አንዷን ማጥፋት ግድ ነው።

የተለመደው ቀመር የኋላ ጠርዙን አይዘጋውም፤ በ200 ሚሜ ኮርድ 0.5 ሚሜ ክፍተት ይተዋል። ብዙዎች የመጨረሻውን ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር አንድ በማድረግ በግድ ይዘጉታል፤ ከዚያ ስፕላይኑ ሹሉን ጫፍ ለማለስለስ ሲታገል ይጣመማል። እኔ ክፍተቱን ተውኩት፤ ኩርባውን በኮንቨርት ኢንቲቲስ ወደ ስኬች አምጥቼ ጫፉን በቀጥታ መስመር ዘጋሁ። ስኬች ከሆነ በኋላ የከርቬቸር ኮምቡን (የኩርባውን መታጠፍ በጥርስ ርዝመት የሚያሳየውን) አበራሁ። ጥርሶቹ እንደ ሚዶ ተሰልፈው አፍንጫው ላይ ረዝመው ወደ ኋላ ያለ ድንገተኛ ዝላይ ማጠር አለባቸው። ድንገት አጥሮ እንደገና የሚረዝም ጥርስ ካለ፣ እዚያ ያለች አንዲት ነጥብ ተሳስታለች ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሶፍትዌሩ ፋይሉን አንዴ ካነበበ በኋላ አይከታተለውም። ነጥብ አስተካክሎ ፋይሉን ማስቀመጥ ሞዴሉን አይለውጥም፤ ኩርባውን ኤዲት ብሎ ፋይሉን እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል።

የክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ቁርጥ 120 ሚሜ ኮርድ ስላለው ውፍረቱ 14.4 ሆነ። በዚያም 61 ነጥብ፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል፣ ከተመሳሳይ ጠርዝ የሚጀምር አደረግሁ። ሎፍቱ ሲታይ አረንጓዴዎቹ ማገናኛዎች የላይኛውን የኋላ ጫፍ ከላይኛው ጋር ማያያዛቸውን አይቼ ነው እሺ የምለው፤ አንዱ ወደ ታችኛው ጫፍ ከዞረ ክንፉ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይጠመዘዛል።