ቆራሌው ያልፈለገው ባትሪ

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ባለው የሶላር ጥገና ቤታችን የሞቱ ባትሪዎች የሚከማቹበት ጥግ አለ። የእርሳስ ባትሪ እዚያ አይሰነብትም፤ እርሳሱ ቀልጦ እንደገና ባትሪ ስለሚሆን ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል። የሊቲየሙን ግን በእጁ አንስቶ ያይና "ይኼ ምን ይመዝናል?" ብሎ ይመልሰዋል። ያም ይከመራል።

አንድ ሐሙስ፣ ገበያተኛው ደጃችንን በሞላበት ሰዓት፣ ረዳታችን ጥጉን ሊያጸዳ ተነሣ። ሴሎቹን፣ ማለትም የሊቲየም ባትሪዎቹን ነጠላ ክፍሎች፣ ከሽቦ ቁርጥራጭና ከብሎን ጋር በአንድ ጆንያ አጭቆ ወደ በሩ ሲጎትት ድንገት "ጋሼ፣ ጆንያው ይፋጃል!" አለ። ሽሽ የሚል ድምፅ፣ ነጭ ጭስ፣ ጣፋጭነት ያለው የሚያቅለሸልሽ ሽታ። ከብረቶቹ አንዱ የአንድ ሴል ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ነበር። ዋናው ቴክኒሻናችን ጆንያውን በአካፋ ገፍተው ግቢ አወጡትና "ውሃ አምጡ፤ ከጭሱም ራቁ" አሉ። ከጎረቤት ሱቅ አንዱ "ኧረ ሊቲየም በውሃ ይነዳል!" ብሎ ጮኸ። ትምህርት ቤት የተማረውን አልረሳም፤ ንጹሕ ሊቲየም ከውሃ ጋር አይስማማም። ቻርጅ በሚደረጉት በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ያለው ግን በውህድ መልክ ነው። እሳቱ ከሴል ወደ ሴል እንዳይዛመት የሚያቀዘቅዘው ብዙ ውሃ ነው። ባልዲ በባልዲ ላይ ፈሰሰ።

ጭሱ ሲበርድ ወሬው ወደ ገንዘብ ዞረ። የቤቱ ባለቤት በአንዳንድ ሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ ያለው ኮባልት የተባለ ብረት ውድ መሆኑን ሰምተው ኖሮ "ወርቅ እኮ ነው የምታቃጥሉት!" አሉን። ቴክኒሻኑ አንዱን ሴል ጠርገው አሳዩዋቸው፤ 3.2 ቮልት ይላል። ይህ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ኮባልትም ኒኬልም የለውም። እነዚያ ያሉባቸው አብዛኛውን ጊዜ 3.6 ወይም 3.7 ተብሎ ይጻፍባቸዋል።

ኮባልትና ኒኬል ያለባቸውን ግን የሚፈልጋቸው አለ። ባስፍ የተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ሽቫርትስሃይደ በሚገኘው ግቢው የባትሪ ካቶድ (የፖዘቲቭ ክፍሉ) ቁስ ይሠራል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው በዓመት እስከ 15,000 ቶን ያረጁ ባትሪዎችንና የምርት ትርፍራፊዎችን መፍጨት የሚችል ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ከወፍጮው የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ሊቲየም፣ ኒኬል፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ይዟል፤ እነርሱን በኬሚካል መለየት ቀጣዩ ሥራ ነው። ይህ የደግነት ጉዳይ አይመስለኝም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2031 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ካለው ኮባልት ቢያንስ 16 በመቶው፣ ከኒኬሉና ከሊቲየሙም 6 በመቶው እንዲህ ተመልሶ የተገኘ እንዲሆን ያስገድዳል። የእኛን ቆራሌ የሚያስገድደው ሚዛኑ ብቻ ነው።

አሁን የሴሎቹን ጫፎች በናስትሮ እንሸፍናለን፤ ቮልታቸውን ለይተን በፕላስቲክ ሣጥን እናስቀምጣለን። ባለቤቱ በናስትሮው ዋጋ ያጉረመርማሉ። እኔ ያስመጣው ነጋዴ መልሶ ይረከብ ባይ ነኝ፤ እርሳቸው ደግሞ "እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ማን ከፍሎ ያጓጉዝልሃል?" ይሉኛል። እስካሁን አልተስማማንም፤ ሣጥኑም እየሞላ ነው።